ክቡር አራሚ «ልክ ነህ» ያሉ ቀን

በየቤተሰቡ አንድ አራሚ አለ። «እኛ ቤት የለም» የምትሉ ካላችሁ አዝናለሁ፤ አራሚው እናንተው ናችሁ ማለት ነው።

አራሚ ስል እዚህ ጋዜጣችን ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ የሚቀመጠውን ባልደረባዬን ማለቴ አይደለም። እሱ ለሥራው ደመወዝ ይበላል፤ ሲመሽም ቤቱ ይገባል። እኔ የማወራው በነፃ ስለሚያርመው ነው። ሰርግ ላይ ሙሽራው «መጀመሪያ ያየኋት ቀን ዝናብ ነበር» ብሎ ሲጀምር ከኋላ ወንበር «ካፊያ ነበር እንጂ ዝናብ አይባልም» ስለሚለው፣ ቀብር ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ዓመተ ምሕረቱን ድምፁን ሳይቀንስ ስለሚያስተካክለው ሰው። ታውቁታላችሁ። ምናልባትም አሁን ከጀርባችሁ ሆኖ አብሯችሁ እያነበበ ይሆናል።

የእኛ ቤት አራሚ ታላቅ ወንድሜ ነው። በሥራ ላይ ሲሆን፣ ማለትም ሲያርም፣ ክቡር አራሚ ብዬ አንቱ እላቸዋለሁ። ዕረፍት ላይ ሲሆን ጋሼ ነው። ዕረፍት ግን አይወዱም።

መተዳደሪያቸው መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ሰውና ሥራ ከተገናኙ አይቀር እንዲህ ነው። ከጠዋት ጀምረው ከተማሪው ጎን ይቀመጡና፣ በእሳቸው በኩል ለአስተማሪ ተብሎ በተገጠመው ተጨማሪ ፍሬን ላይ ቀኝ እግራቸውን አሳርፈው፣ የሰው ስህተት ይጠብቃሉ። ስህተቱ ሲመጣ ፊታቸው ይበራል። «ለማስተካከል ያህል» ይላሉ። የዘወትር መክፈቻቸው ይህ ነው፤ ከዚያ የሚከተለው ማብራሪያ እስከሚቀጥለው አደባባይ ድረስ አያልቅም። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ፤ እሳቸው ራሳቸው መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ሲፈተኑ መጀመሪያ ወድቀው በሁለተኛው ነው ያለፉት። ይህን ማንም እንዲያነሳባቸው አይፈልጉም።

ይህ ዓምዴ በሚወጣበት ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ስልኬ ይጮሃል። «እንደምን አደርክ» የሚባል ነገር የለም።

«ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሰውዬው በግራ እጁ ጃንጥላ ይዟል ብለሃል። ዝቅ ስትል ደግሞ በዚያው በግራ እጁ በር ይከፍታል። ጃንጥላውን ማን ያዘለት?»

«ጋሼ፣ ገና አልነቃሁም እኮ።»

«ጽሑፉንም ሳትነቃ እንደጻፍከው ያስታውቃል።»

ስልኩ ይዘጋል። እኔም ትራሴን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ምነው አንድ ቀን ዝም ቢል እላለሁ።

ሚስታቸው፣ እኔ እትዬ የምላት፣ «ኧረ ዝም አይነቅዝም!» ትላቸዋለች። «ለማስተካከል ያህል፣ የሚነቅዘው እህል ነው፤ ቃል ሲነቅዝ የት አየሽ?» ይላሉ። እሷ ሬዲዮኑን ከፍ ታደርጋለች። እሳቸው ሬዲዮኑን ያርማሉ።

ታዲያ አንድ ቀን ክቡር አራሚ ዝም አሉ።

የሆነው መኪናው ውስጥ ነው። መሪ የያዘችው ተማሪ አደባባይ ጋ ደረሰችና ሰው ሁሉ በሚዞርበት ተቃራኒ ዞረች። ጥሩምባው ከየአቅጣጫው ይጮሃል። ከጎኗ ግን ድምፅ የለም። በኋላ ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ እያለቀሰች እንዲህ አለችን፤ «እሳቸው ዝም ሲሉ ልክ የሠራሁ መሰለኝ። ከጀመርኩበት ጊዜ አንስቶ ዝም ብለውኝ አያውቁም። እንዲያውም በልቤ ዛሬስ ቻልኩበት ብዬ ነበር።» መኪናውን ያቆመው የወንድሜ እግር ነው። አፉ ተከፍቶ ዓይኑ ሁሉን እያየ፣ ቃል አልወጣ ብሎት፣ እግሩ ብቻ ፍሬኑን ረግጧል።

ንግግሩ ወዲያው ተመለሰ። ኤም አር አይ ሲነሳ ግን ግራ አንጎሉ ላይ፣ ንግግር በሚሠራበት ሠፈር፣ ዕጢ ተቀምጦ ተገኘ። ያ ዝምታ ዕጢው የቀሰቀሰው የሚጥል በሽታ ዓይነት ነበር፤ ሰውየውን ሳይጥል ምላሱን ብቻ የሚያስር። ትራሴ ሥር ሆኜ የተመኘሁት ዝምታ ያን ያህል የሚያስፈራ አይመስለኝም ነበር።

የአንጎል ቀዶ ጥገና ሐኪሟ አጠር ያለች፣ ነገሩ ሲጥማት ከወንበሯ ብድግ የምትል ሴት ናት። ክፍሏ ስንገባ ወንድሜ፣ እትዬና እኔ ሦስታችንም የቀብር ፊት ይዘን ነበር። እሷ ግን አዲስ ቤት እንደሚያስጎበኝ ሰው ነበረች።

«ተማሪ ሳለሁ የንግግር ቦታ ለሰው ሁሉ እዚህ ጋ ነው ይባል ነበር» አለች፤ ከግራ ጆሮዋ ከፍ ብላ በጣቷ እየነካች። «አሁን ጥናቶቹ የሚሉት ሌላ ነው። የእያንዳንዱ ሰው ካርታ የራሱ ነው። ደግሞም ዋናው ቦታው ብቻ አይደለም፤ ቦታና ቦታ የሚያገናኙት ገመዶች ናቸው። እዩአቸው!»

ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው። የወንድሜ ጭንቅላት ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክሮች እንደተተረተረ ልቃቂት ተዘርግተዋል። ዕጢው መሀላቸው ተሰንቅሮ ወደ ጎን ገፍቷቸዋል። ፍርሃቴን ረስቼ አፌን ከፈትኩ። እንዲህ የሚያምር ነገር ተሸክሞ ነው ስለ ጃንጥላ የሚጨቀጭቀኝ?

«ለማስተካከል ያህል» አሉ ክቡር አራሚ፣ «ቀለሙ የእውነት አይደለም። አቅጣጫቸው እንዲለይ ኮምፒውተሩ የቀባው ነው።» ለካ ከምርመራው ወዲህ ስልካቸው ላይ ተደፍተው ያገኙትን ጥናት ሁሉ ሲያነቡ ነው የከረሙት።

«ትክክል!» ብላ ሐኪሟ ብድግ አለች። «እንዲህ ዓይነት ታካሚ ነው የምወደው።»

ወንድሜ ደነገጠ። አርሞ ተመስግኖ አያውቅም።

«መሣሪያዎቼም እንደ ጂፒኤስ ናቸው» ቀጠለች። «እጄ አንጎሉ ውስጥ የት እንደደረሰ ስክሪኑ ላይ ያሳየኛል።»

«ጂፒኤስ?» አሉ ክቡር አራሚ። «ጂፒኤስ አምኖ ስንቱ ገደል ገብቷል።»

«ለዚህ እኮ ነው መሀል ላይ የምቀሰቅስዎት።»

እትዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሐኪሟ ግን ፊቷ እንደበራ ነው። የራስ ቅሉ ሲከፈት አንጎል ትንሽ ቦታውን ይለቃል፤ ካርታው ከመንገዱ ጋር አይገጥምም። አንጎል ራሱ ደግሞ ሕመም አይሰማውም፤ ቆዳው ከደነዘዘ ታካሚው ነቅቶ ማውራት ይችላል። እሷ በደካማ ኤሌክትሪክ አንድ ነጥብ ትነካለች፤ ያ ነጥብ ለጥቂት ሴኮንድ ያንቀላፋል። ታካሚው በዚያች ቅጽበት ከተሳሳተ ቦታው አይነካም። ካልተሳሳተ መንገዱ ክፍት ነው።

ወንድሜ ይህን በጥሞና ሰማና ትንሽ አሰበ።

«መሪው እርስዎ ጋ ነው» አላት። «እኔ የምቀመጠው አስተማሪው ወንበር ላይ ነው።»

«አዎ። ፍሬኑም እግርዎ ሥር ነው።»

ከዚያ ሐኪሟ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ዕጢው በብዛት በወጣ ቁጥር ዕድሜ ይረዝማል፤ ጥናቱ የሚለው ይህንን ነው። አንድ እርምጃ ካለፈች ግን ንግግሩን ይዛው ልትሄድ ትችላለች። «የቱን ያህል ልድፈር?» ብላ ጠየቀችው። እሱ ሳይመልስ እትዬ ቀደመች።

«ዶክተር፣ ከተጋባን ጀምሮ ዝም በል እያልኩት ነው የኖርኩት» አለች። «አፌ ይቆረጥ። ዝም ካለ እኔ ከማን ጋር ነው የምኖረው?»

ወንድሜ እጇን ያዘ። ይህንን ግን አላረማትም።

ቀጥሎ የመጣችው የንግግር ባለሙያዋ ናት፤ ወጣት፣ ትዕግሥቷ ብዙ። ሥራዋ ሲያዩት ቀላል ነው። ሥዕል ታሳያለች፤ ታካሚው ስሙን ይናገራል። አስቀድሞ ሳያመነታ የጠራቸው ሥዕሎች ብቻ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ይገባሉ፤ እዚያ ሲሳሳት ያሳሳተው ኤሌክትሪኩ መሆኑ እንዲታወቅ።

የመጀመሪያው ሥዕል መኪና ነበር።

«መኪና ለማለት ተፈልጎ ይሆናል» አሉ ክቡር አራሚ። «የጎን መስታወት የለውም። እንዲህ ሆኖ መንገድ ላይ መውጣት ክልክል ነው።»

«እሺ አባቴ፣ መኪና ብለው ይለፉት።»

«እንዴት አድርጌ ልለፈው?»

ሁለተኛው ወንበር ነበር። የሚታየው ሦስት እግር ብቻ ስለሆነ ወንበርነቱን ሊመሰክሩለት አልፈለጉም። ዓሣው ክንፉ ያለቦታው ነው። ቤቱ በር አለው፤ በሩ እጀታ የለውም፤ «ሰዎቹ በምን ሊገቡ ነው?» ልጅቷ ካርዶቹን እያነሳች ስታስቀምጥ ጥሩ የሚባለው ክምር አላድግ አለ። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ዞረች።

«ሁልጊዜም እንዲህ ናቸው ወይስ ዕጢው ነው?»

«ሁልጊዜ ነው» አልኳት። «ዕጢው ሲሆን ነው ዝም የሚለው።»

ይህ ለሐኪሟ ሲነገራት እንደገና ብድግ አለች። «በቃ ሥዕሉ ይቅር! አሁን አሁን እኮ ፈተናውን ከሰውየው ኑሮ መቅዳት ነው የተያዘው። ሙዚቀኛ ከሆነ ይጫወታል፤ አስተርጓሚ ከሆነ ይተረጉማል። የእሳቸው ኑሮ ማረም ከሆነ ያርሙ! እኛ ስህተት እንናገር። ለማረም መስማት አለ፣ መረዳት አለ፣ ማስታወስ አለ፣ ቃል መምረጥ አለ። አንዱ ገመድ ቢነካ እናውቃለን።»

ባለሙያዋ «ሎሚ ጣፋጭ ነው» ብላ ሞከረቻቸው። «ይሁን ልጄ፣ ደክሞሽ ነው» አሉና አለፏት። ለሰው ልጅ ያዝናሉ። እኔ ከጥግ «አደባባይ ላይ ቅድሚያ ያለው አዲስ ገቢው ነው» ስል ግን ከአልጋው ሊዘሉ ምንም አልቀራቸውም። ሐኪሟ ጣቷን ቀሰረችብኝ።

«እርስዎ ይገባሉ።»

«እኔ? እኔ እኮ ጣቴን ቢላ ሲነካኝ ነው የምወድቀው።»

«ደም አያዩም፤ የሚያዩት ፊታቸውን ብቻ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ማንን ሲያርሙ ኖሩ?»

«እኔን።»

«ታዲያ ከዚህ የበለጠ ብቁ ሰው ከየት አመጣለሁ?»

በዕለቱ አረንጓዴ ልብስ አልብሰው፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍነው አጭር በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ወንድሜ በጎኑ ተኝቷል። ከግንባሩ በላይ ያለው ሁሉ ከመጋረጃ ወዲያ ነው፤ ለእኔ የደረሰኝ ፊቱ ብቻ ነው። የማደንዘዣ ባለሙያው ስሙን እየጠራ ቀሰቀሰው። ዓይኑን ገለጠ፤ እኔን አየ፤ ከዚያ ግድግዳውን።

«ሰዓቱ ወደ ኋላ ቀርቷል» አሉ ክቡር አራሚ።

ነርሷ የእጅ ሰዓቷን አይታ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ከመጋረጃው ወዲያ የሐኪሟ ሳቅ ተሰማ። «ዝግጁ ናቸው» አለች። «እንጀምር። በነካሁ ቁጥር አሁን እላለሁ። አሁን።»

«ጋሼ፣ ቀይ መብራት ላይ ረጋ ብሎ ማለፍ ይቻላል።»

«ይቻላል። ወደ መቃብር።»

«ክፍት ነው» አለች ሐኪሟ። «አሁን።»

«ፍሬን የሚያዘው በግራ እግር ነው።»

«በግራ እግር የምትይዘው አንተ ነህ። መንጃ ፈቃድ ይቅርብህ ያልኩህ ለዚህ ነው።»

«ክፍት ነው።»

እንዲህ እያልን ሄድን። ልቤ ከበሮ ይመታል፤ ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። እኔ በውሸት፣ እሱ በእርማት፣ ሐኪሟ በእጇ፣ ሦስታችን ማንም ባልሄደበት መንገድ አንድ መኪና እየነዳን ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተሳስቼ እንደዚያ ቀን ጠቅሜ አላውቅም። የመንገድ ሕግ ስህተቶቼ ሲያልቁብኝ ወደ ቤተሰብ ጓዳ ገባሁ።

«እናታችን ከሁላችንም አብልጣ የምትወደው እኔን ነበር።»

«እሱማ እውነት ነው» አለኝ። «አንተ ስህተት ተናገር ነው የተባልከው።»

ጭምብሉ እንባዬን ደበቀልኝ።

«ክፍት ነው» አለች ሐኪሟ። «ወደ ጥልቁ እየገባሁ ነው። አሁን።»

«ጋሼ፣ እኔ ያንተ ታላቅ ነኝ።»

ወንድሜ አየኝ። ዓይኑ ረጋ ያለ፣ ጨዋ ነበር።

«ልክ ነህ» አለኝ።

በሕይወቴ ሙሉ ስጠብቀው የነበረውን ቃል ሰማሁና ልቤ ቀጥ አለ። ባለሙያዋ ከጎኔ እጇን አነሳች። ሐኪሟ የምትነካበትን የኤሌክትሪክ ዘንግ ስትመልስ ድምፁ ተሰማኝ።

«ይድገሙት» አለች።

«ጋሼ፣ እኔ ያንተ ታላቅ ነኝ።»

«አንተ?» አሉ ክቡር አራሚ። «አዝዬ ያሳደግኩህን ሰውዬ? ስንቴ ጀርባዬ ላይ ሸንተህብኛል!»

ሐኪሟ ሌሎች ነጥቦች ነክታ ወደዚያችው ተመለሰች። ወንድሜ እንደገና ታናሼ ሆነ፤ «ልክ ነህ» አለኝ። ሐኪሟ እዚያች ነጥብ ላይ ትንሽ ምልክት አኖረችና «ፍሬን ተይዟል። ከዚህ አላልፍም» አለች። ከዕጢው አብዛኛውን አወጣችው። ከዚያች ምልክት ጥግ የተጣበቀችውን ቅሪት ግን ተወቻት፤ በየጊዜው በምርመራ እንከታተላታለን አለች።

ይህን ጽፌ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ነገሩ ግን ከዚያ በኋላም ነበረ።

ሐኪሟ አስቀድማ ነግራናለች። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንጎል ያብጣል፤ ንግግር ይዳከማል፤ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። እኛ «ይመለሳል»ን ይዘን ነበር። ወንድሜ ቤት ሲገባ ግን «ብዙውን ጊዜ» የሚለው አብሮን ገባ። ይራመዳል፣ ይበላል፣ ስማችንን ይጠራል። ችግሩ ሁሉን ነገር መቀበሉ ነው። ሬዲዮኑ የፈለገውን ይላል፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። «ጋሼ፣ ዛሬ ቀይ መብራት ጥሼ ነው የመጣሁት» አልኩት። «ጥሩ» አለኝ። እትዬ ወጥ ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ አለቀሰች። ዓምዴ ወጣ፤ ስልኬ አልጮኸም። በሚቀጥለውም አልጮኸም። ቀድሞ የሚቀሰቅሰኝ ስልክ ነበር፤ አሁን ዝምታው ቀሰቀሰኝ።

የንግግር ባለሙያዋ መጥታ አየችውና «አትፈትኑት» አለችን። «ፈተና መሆኑ ይገባዋል። የራሱ የሆነ፣ ልቡን የሚነካ ነገር አውሩለት።»

እኔ ጽሑፍ እንጂ ሌላ ሙያ የለኝም። ይህንኑ የምታነቡትን ጀምሬው ስለነበር ይዤው ሄድኩ። ጋሼ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል፤ ፀጉሩ ጠባሳው ላይ ማቆጥቆጥ ጀምሯል። እትዬ አጠገቡ ልብስ ታጥፋለች። ማንበብ ጀመርኩ። ሰርጉን አነበብኩ፤ ራሱን ነቀነቀ። አንቱ እንደምለው አነበብኩ፤ ፈገግ አለ። ስለ መኪናው፣ ስለ ተጨማሪው ፍሬን አነበብኩ። ከዚያ «ሲፈተኑ መጀመሪያ ወድቀው በሁለተኛው ነው ያለፉት» የምትለው ጋ ደረስኩ።

ቀኝ እግሩ ወለሉን ረገጠ።

ቆምኩ። እትዬ የያዘችው ሸሚዝ እጇ ላይ ቀረ። አፉ ተከፈተ፤ ከንፈሩ ቃሉን ፈለገ፤ ፊቱ ቀላ።

«ለማስ...» አለ። ተነፈሰ። «ለማስተካከል...»

ማናችንም አልረዳነውም። መርዳት እንደሌለብን እንዴት እንዳወቅን አላውቅም።

«ለማስተካከል ያህል» አሉ ክቡር አራሚ፣ «በመጀመሪያው ነው ያለፍኩት። በመጀመሪያው! ዝናብ ነበር። ፈታኙ... ፈታኙ በኋላ ማርሽ ዳገት አስወጣኝ።»

«ካፊያ ነበር» አለች እትዬ እያለቀሰች። «ያኔ ካፊያ ነው ያልከኝ።»

«ዝናብ ነበር!»

«ካፊያ!»

ቃሉ ይዘገያል፤ መሀል ላይ ይሰናከላል፤ እሱ ግን ይነሳና ይቀጥላል። እኔ ወረቀቴን ደረቴ ላይ ይዤ፣ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ፣ እንደ ሕፃን እየሳቅሁ ቆምኩ። እወደዋለሁ። ከነጃንጥላው፣ ከነሰዓቱ፣ ከነእርማቱ እወደዋለሁ።

ልወጣ ስል እጄን ያዘኝ። «ያቺን... ታስተካክላታለህ?»

«አስተካክላታለሁ ጋሼ። እሞትልሃለሁ።»

እላይ እንዳያችሁት አላስተካከልኳትም። ነገ ጠዋት ጋዜጣው ይወጣል። ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ እተኛለሁ።